ሁለቴ የተለቀሰለት አባቴ

ለሚ «በእጄ ነው የቀበርኩት» ብሎ ሲነግረኝ፣ እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ልጄ ኤፍሬም አልነበረም። አባቴ ነው። ለሚ የልጄ ጓደኛ ነው፤ አብረው ተመዝግበው፣ አብረው ወታደር ሆነው ሄደው፣ እሱ ብቻውን የተመለሰ። ሊነጋጋ ሲል ከእድራችን ሽማግሌዎች ጋር መጥቶ፣ አልታጠፍ ያለውን እግሩን እንደ ዱላ ዘርግቶ ከፊቴ ተቀምጧል። ጎረቤቶቼ እንዳልፈጠፈጥ ግራና ቀኝ እጄን ይዘውኛል። እኔ ግን እዚያ የለሁም። እኔ የእናቴ ቤት ጓዳ በር ሥር ቆሜአለሁ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከበሩ ወዲያ ሌላ ሰው፣ ሌላ ወታደር፣ ይህንኑ ቃል ለእናቴ ሲነግራት እሰማለሁ። «በእጄ ነው የቀበርኩት።» ቃሉ አንድ ነው። ድምፁ ዝቅ የሚልበት ቦታ እንኳ አንድ ነው። ያ ተቀበረ የተባለው ሰው ግን፣ አባቴ ማለት ነው፣ ከዓመታት በኋላ በእግሩ መጥቶ እራቱን በልቷል። እንግዲህ እኔ ምን ልመን?

ጩኸት አልወጣልኝም። ሴቶቹ «ደንግጣ ነው፣ ውሃ ስጧት» አሉ። ደንግጬ አይደለም፣ ግራ ገብቶኝ ነው። ድንጋጤ ቢያንስ ያስጮሃል፤ ግራ መጋባት ግን አፍ ይይዛል። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ንጉሤ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እንግዲህ ጥሩዬ፣ ያመጣው እሱ ነው፣ የሚያጸናሽም እሱ ነው። ድንኳኑን ዛሬውኑ እንትከል ወይስ ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ እንቆይ?» አለኝ።

«አትትከሉ ጋሼ።»

«ምን ማለትሽ ነው? የቀበረው ልጅ ይኸው ተቀምጦ!»

«አባቴን የቀበረውም ተቀምጦ ነበር።»

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ጋሽ ንጉሤ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ የአባቴን ንፍሮ ከበሉት አንዱ ነው።

«እሱ ሌላ ነገር ነው» አለ።

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ያ የድሮ ነው።»

«ሞት የድሮና የአሁን አለው እንዴ ጋሼ?»

«በይ እስከ እሑድ አስቢበት» ብሎ ተነሣ። ሲወጡ አንዷ ጎረቤቴ ለሌላዋ «ለጤናዋ ያድርግላት» ስትል ሰማሁ።

ያኔ አምቦ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጋሪ ነው። አባቴ በቀለ ጋሪ ነጂ ነበር። ከገበያው እስከ ፍልውሃው ስሙኒ ነው የሚያስከፍለው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን በነፃ፣ ቀስ አድርጎ። ዳማ ፈረስ ነበረን፣ ግንባሩ ላይ እናቴ ቀይ ፈትል ጠምጥማለታለች። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ያውም ለቁርስ የሚበቃ ዳቦ፣ የአሁኑን አይደለም አፍ ውስጥ የሚጠፋውን። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው የሚወጣው፣ እኛ ልጆቹ በተራችን ድንጋይ አስቀምጠን እንጫወታለን፣ ድንጋዩ ተሰልፎ ይጠብቀናል። ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪያቸውን ከታች አስፍተው አቧራውን ይጠርጉታል። ልጃገረዶቹ ፖሊስተር ቀሚስ ለብሰው፣ ሻርባቸውን ጣል አድርገው በካሴት ቤቱ በር ሲያልፉ እርምጃቸው ይቀየራል፤ ባለ ካሴት ቤቱም አውቆ ዘፈኑን ይቀይርላቸዋል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከምንጩ በጣሳ እየቀዳን ያንን አፍንጫ የሚቆነጥጥ ውሃ እንጠጣና ማን ረጅም ያገሳል ብለን እንወራረድ ነበር። እኔ ሁሌም አሸንፋለሁ። አሁን ያንኑ ውሃ እንግዳ ሲመጣብኝ ከሱቅ ገዝቼ ሳቀርብ አፍሬ ቀስ ብዬ ነው የማገሳው።

አባቴ ወደ ጦርነቱ እንዴት እንደሄደ እንኳ በውል አላውቅም። ወሰዱት ይሉኛል፣ ወዶ ሄደ ይሉኛል። የማስታውሰው ወታደር የሚጭኑት ኤንትሬ መኪኖች ተደርድረው፣ በድምፅ ማጉያ ማርሽ ሲዘፈን፣ ሴቶቹም እልል ሲሉ ነው፤ እልልታው መሐል እናቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነበር። አንድ ጊዜ ለዕረፍት መጣ። ያን ጊዜ ወፍራም የወታደር ካፖርት ለብሷል፤ እኔና ታናሽ እህቴ ገብተንበት ቤት ቤት ተጫወትንበት። ሊመለስ ሲል እናቴ ካፖርቱን ተቀብላ ከአንገትጌው ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ በቀይ ክር ትንሽ መስቀል ሰፋችበት። «ይጠብቅህ» አለችው። «ብርዱን ወይስ ጥይቱን?» አላት። «ሁለቱንም!» ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ አላስታውስም።

መርዶውን ያመጣው ደበላ የሚባል የጊንጪ ሰው ነው፤ እጁ ቆስሎ ከግንባር ተመልሶ። የመጣውም እንዲሁ አልመጣም፣ የካፖርቱን አንገትጌ ቆርጦ ይዞ ነው። ቀይ መስቀሉን እናቴ አየችው። ራሷ የሰፋችውን ምን ብላ ትካደው? ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተነፈረ፣ ሬሳ ስለሌለ ፎቶውንና ያንን አንገትጌ ይዘው አለቀሱለት። ፍትሐቱ ደረሰ፣ ተዝካሩ ወጣ። እናቴ ያላትን ቀሚስ ሁሉ በርሜል ውስጥ በጥቁር ቀለም ዘፈዘፈችው። ጋሪውና ፈረሱ ተሸጡ። እኔም አራተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቱን ትቼ ከእናቴ ጋር አስፋልቱ ዳር ሽንኩርትና በርበሬ መሸጥ ጀመርኩ። ትምህርቴ በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው ተቀምጠን፣ ከበላይ ከምሥራቅ በኩል አንድ ሰው በእግሩ መጣ። የሰው ሹራብ ለብሷል፣ እጅጌው እስከ ክርኑ ነው የሚደርሰው። በረባሶ ተጫምቷል። ከሽንኩርቱ ፊት ቆመ። እናቴ ቀና ሳትል «ስንት ኪሎ ልስጥህ?» አለችው። «ዘነበች» አላት። ቀና አለች፣ አየችው። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሽንኩርቱን መመዘን ቀጠለች። መዘነች፣ ጨመረች፣ ቀነሰች፣ መዘነች፣ ሹራቡን ዘርጋ አለችው፣ ዘረጋ፣ ገለበጠችለት። ከዚያ በኋላ ነው የወደቀችው። አባቴ ሽንኩርቱን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ።

ሰፈሩ ተገለባበጠ። የሸሸ አለ፣ ያማተበ አለ። ሲረጋጋ ደግሞ ቀልዱ መጣ። ጋሽ ንጉሤ ነው የጀመረው፣ «በቀለ፣ ንፍሮአችንን መልስ!» እያለ። ሌላው ደግሞ «እድሩ አንዴ ቀብሮሃል፣ ሁለተኛ ስትሞት ራስህን ቻል!» ሰው ሁሉ ሲስቅ አባቴ አይስቅም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማን ነው ያረዳችሁ?» ደበላ ነው አልነው። «ምን አለ?» በእጄ ቀበርኩት አለ፣ ይኸው አንገትጌውን። እናቴ አንገትጌውን ከሣጥን አውጥታ ሰጠችው። በአውራ ጣቱ ክሩን ዳሰሰው፣ ዳሰሰው፣ ከዚያ ወጥቶ ሄደና እስኪመሽ አልተመለሰም። ቄሱ መጥተው ስለ ፍትሐቱ ሲጨነቁ፣ በሕይወት ላለ ሰው መድረሱ ምን ይባላል ሲሉ፣ «ተዉት አባ፣ ለባለቤቱ ይድረስ» ብሎ መለሰላቸው። ቄሱ የመንፈሳዊ ሰው ንግግር መሰላቸው፣ እኛም እንደዚያው መሰለን።

«አባዬ፣ የት ነበርክ?» ስለው «መንገድ ላይ» ይለኛል። «መንገድ ይህን ያህል ዓመት ይፈጃል?» «የሚፈጅ አለ።» በቃ። ተማርኮ ነበር የሚሉ አሉ፣ ድንበር ተሻግሮ የሰው ከብት ሲጠብቅ ነበር የሚሉ አሉ። እናቴም የምታውቅ አይመስለኝም፤ ብታውቅም ይዛው ሞተች። እኔ ደግሞ አንዳንድ ነገሮቹን ነው ያየሁት፣ አይቼም ያልገባኝ። ለምሳሌ ወፍራም ነገር አይለብስም ነበር። በክረምት፣ ዝናቡና ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ እናቴ ኮት ገዝታ ስትሰጠው ለጋሪ ነጂ ጓደኛው አልብሶት መጣ፤ ማግሥቱን ተመልሶ ሄዶ ከሰውየው ላይ አስወልቆ ወደ ቤት አመጣው። ተጣሉ። «የሰጡትን መልሶ መቀበል ምን የሚሉት ነው?» ብላ እናቴ አፈረች። እሱ ምንም አላላትም፤ ኮቱ ሳይለበስ ብል በላው።

ደግሞም ለቅሶ ላይ ያሳፍረን ነበር። ሬሳ ከቤት ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ይቆማል። «ፊቱን ልየው» ይላል። «በቀለ፣ ከትናንት ወዲያ አብረኸው ጠላ ጠጥተሃል፣ ምኑን ነው የምታየው?» «ልየው።» ተገንዞ አልቋል ቢሉት አይሰማም። ገልጠው ያሳዩታል፣ ያያል፣ «እሱ ነው» ብሎ ከበሩ ዞር ይላል። ሰፈሩ ለመደው፤ እንዲያውም አንዳንዱ «በቀለ አይቷል? እንግዲያውስ ሞቷል» ብሎ ይቀልድ ነበር። ሌላው ነገሩ ጊንጪ ነው። ታናሽ እህቴን ለሕክምና አዲስ አበባ ስንወስዳት፣ አውቶብሱ ጊንጪ ላይ ቆሞ ሰው ሲያወርድ፣ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ሲያንኳኩ፣ አባቴ ጋቢውን እስከ አናቱ ተከናንቦ ተኛ። አልተኛም ነበር፤ ጋቢው በትንፋሹ ሲወጣና ሲገባ አያለሁ። ከጊንጪ ስናልፍ ገለጠው። ደበላ ሐሰት ተናግሮብን ስለተቀየመው ነው ብዬ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ነገ ተዘጋ በሚባልበት፣ ልጆቻችንን ከግቢ አትውጡ እያልን በምንለምንበት ጊዜ፣ አባቴ በአልጋው ላይ አረፈ። እድሩ ቀልዱን ረስቶ ሁለተኛ ድንኳን ተከለለት። ያኔ ያስለቀሰችለት አልቃሽ ግን አርጅታለች፤ ብድግ ብላ ጀመረችና ቆም አለች። «ለበቀለ ያለኝን ሁሉ ያኔ ጨርሼዋለሁ፣ ምን ቀረኝ?» አለች። በለቅሶ መሐል ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ኤፍሬም ያኔ ጢሙ ገና እያቆጠቆጠ ነበር፤ ድንኳኑን ካስማ ከሚመቱት ጋር ይሯሯጣል። እኔም ከመገነዙ በፊት የአባቴን ፊት ደህና አድርጌ አየሁት። እሱ ነው አልኩ በሆዴ። እሱ መሆኑን እንጂ ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ለሚ መርዶውን ባመጣ በማግሥቱ ወደ ጊንጪ ሄድኩ። ደበላ በሕይወት መኖሩን ከገበያ ሰዎች አጠያይቄ ነው። ጊንጪም ተለውጣለች፤ ሕንፃው፣ የጭነት መኪናው፣ የእህል ኩንታሉ በየበረንዳው። ቤቱን አሳዩኝ። ኦቦ ደበላ አጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል፣ አርጅቷል፣ አንዱ እጁ ጭብጥ እንዳለ ደርቋል።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ደበላ?» ብዬ ሰላም አልኩት።

«ፈዩማ። አቲ ኤኙ?» ማን ነሽ አለኝ፣ ዓይኑን አጥብቦ።

«የበቀለ ልጅ ነኝ። የአምቦው፣ የባለ ጋሪው።»

«የትኛው በቀለ?» አለ። «የቀበርኩት ወይስ የመጣው?»

«ሁለቱም አንድ ሰው ነው እንጂ!»

«አንድ አይደለም፣ ኢንተላ ኮ። አንድ አይደለም ልጄ። ቁጭ በይ።»

የመጣሁት ልጣላው ነበር። «እንዴት በእጄ ቀበርኩት ይላሉ? ለእናቴ እንዴት እንዲህ ይሏታል?» ብዬ ጀመርኩ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ቀብሬአለሁ» አለኝ። «ሐሰት አልተናገርኩም። ማንን እንደሆነ ነው የማላውቀው። ንጋት ነበር፣ ውርጭ ነበር። ወድቆ አገኘሁት፣ ፊቱ በአፈር ተደፍቷል። ካፖርቱን አየሁ። አንገትጌውን ብገለብጥ ቀዩ መስቀል አለ፤ እናትሽ የሰፋችውን ሲያሳየን 'ሚስቴ ማኅተም አደረገችብኝ' እያለ ይስቅ ነበር። ገልብጬ ፊቱን ላየው ፈለግሁ፣ ፈራሁ። ከአባትሽ ጋር ከአንድ ኮዳ ነው የምንጠጣው፣ እንዴት ልየው? እንደተደፋ አፈር አለበስኩት። አንገትጌውን ቆረጥኩ።»

«ታዲያ ካፖርቱ እንዴት ሰው ላይ ሄደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ለበረደው ሰው ሰጥቶት ይሆናል፣ ቸር ነበር። ሰውየው ሰርቆት ይሆናል። ወይ ደግሞ…» አለና እኔን አይቶ ተወው።

«ይንገሩኝ።»

«ሙት ተብዬ ልቅር ያለ ሰው ልብሱን ለሞተ ሰው ያለብሳል። አይቻለሁ እንዲህ ያደረጉ። አባትሽ አድርጓል አላልኩም። አላደረገም ብዬም አልምልልሽም።»

«እሱን አልጠየቁትም?»

«እሱ ነው የጠየቀኝ። ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን እዚህ መጣ። አውድማ ላይ ጤፍ እያስወቃሁ ነበር። ተቀመጥ አልኩት፣ አልተቀመጠም። ጠላ ሰጠነው፣ አልተቀበለም። 'ፊቱን አየኸው?' አለኝ። አላየሁትም አልኩት። በሬዎቹ ሲዞሩ ቆሞ አያቸው፣ አያቸው፣ ሄደ። ይኸው ነው።»

ጋቢውን የተከናነበው፣ በሰው ለቅሶ በር ላይ የቆመው፣ ኮቱን ያስወለቀው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። የገባኝም መሰለኝ። ግን ምኑ ነው የገባኝ? ሰጥቶት ከሆነ አዝኖ ነው። አልብሶት ከሆነ ተጸጽቶ ነው። ተሰርቆ ከሆነ ደግሞ ምን አጠፋና ዕድሜውን ሙሉ ዝም አለ? የትኛውም አባቴን ይመስላል። ያም የተቀበረው ሰው እናት ነበረችው፤ የትም ትሁን፣ በየቀኑ መንገድ መንገዱን ስታይ ኖራ ሞታ ይሆናል፣ የልጇን ንፍሮ እኛ አምቦ ላይ በልተንባት። ይህን ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፦ የኔን ኤፍሬምስ የማያውቁት ሰዎች በሌላ ሰው ስም አልቅሰውለት ይሆን? ወይስ እኔ የማላውቀውን የሰው ልጅ ልጄ ብዬ ላለቅስ ነው?

«ልጄንም በእጄ ቀበርኩት የሚል መጥቶብኛል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ያ ዋቃ» አለ፣ ወደ ሰማይ። «ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው፣ ልጄ። ያየነውንም ያላየነውንም። ለእናት ሜዳ ላይ ቀረ ይባላል እንዴ? እኔ ከዚህ እስከ ጉደር ስንት ቤት በዚያ ቃል ገብቻለሁ።»

«ታዲያ እውነቱን ማን ነው የሚያውቀው?»

«ፊቱን ያየ ነው።»

ስመለስ አምቦ ላይ አልወረድኩም። ረዳቱ «አምቦ ነው ብለሽ አልነበር?» ሲለኝ «ጉደር እሄዳለሁ» አልኩት። የከፈልኩት መንገድ አልቆ ባልከፈልኩት ስሄድ እንኳ አላስተዋልኩም፤ እሱ ነው አሳስቦኝ የተቀበለኝ። የለሚ ቤት ጉደር ከወንዙ ወዲህ ነው። ደጉ ጊዜ ሳለ ለሚ ከኔ ቤት አይጠፋም ነበር። «ማዘር፣ ያንቺን ሽሮ የሚያክል በዓለም ላይ የለም፣ ዓለምን ባናየውም!» ይላል፤ ኤፍሬም ደግሞ «ሆዳም፣ የእናትህን ቤት አታውቀውም?» ይለዋል። እየተሰዳደቡ ድስቱን ይጠርጉልኛል። እናቱ አዴ ጫልቱ በር ላይ ተቀበለችኝ፣ አቀፈችኝ፣ ቀድማኝ አለቀሰች። ልትጋብዘኝ ጉድ ጉድ ስትል «ተይው፣ ቸኩያለሁ» አልኳት። ለሚ አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል። ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እናቱ እኛን ትታ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ለሚ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቂኝ ማዘር።»

«ፊቱን አየኸው?»

ወደኔ ዞረ። መርዶውን ሲነግረኝ እንኳ አላየኝም ነበር፤ አሁን አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጉንጩ ላይ ያለችው የልጅነቱ ጠባሳ፣ ከኤፍሬም ጋር ሲታገሉ የወደቀባት፣ እዚያው አለች። የማይታጠፈውን እግሩን በሁለት እጁ አነሣና ቦታውን ቀየረው።

«ማዘር» አለኝ፣ «የቱን ልበልሽ?»

ይህን ቃል እስካሁን እያገላበጥኩት ነው። ክፋት የለበትም። አየሁት ቢለኝ ልቅሶ ነው፣ አላየሁትም ቢለኝ መጠበቅ ነው። እሱ ሁለቱንም በአንገቱ ተሸክሞ መጥቶ፣ የምትችይውን ውሰጂ፣ ሌላውን እኔ ይዤው እኖራለሁ ነው ያለኝ። አይቶም ይሆናል። አላየም ይሆናል። አይቶ ላይነግረኝ፣ ሳያይ ሊምልልኝ ይችላል። ለሚም አንድ ቀን ይወልዳል፤ ልጁም የት ነበርክ ይለዋል፤ እሱም መንገድ ላይ ይለዋል። አባቴ ከደበላ አውድማ ሳይቀመጥ ለምን እንደሄደ ለአንዲት አፍታ ወለል ብሎ ታየኝ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋኝ። ፈራሁ። የኤፍሬምን አባት ስቀብር እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

«ምንም አትበለኝ» አልኩት። «ምንም አትበል፣ እሺ?» ጭንቅላቱን ሳምኩት፣ ወጣሁ።

አዴ ጫልቱ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ከኋላ ከኋላዬ እየተከተለች ቆይታ ክንዴን ያዘችኝ። «ምን አለሽ? ማሎ፣ ንገሪኝ። እኔ እናቱ ነኝ፣ ከመጣ ጀምሮ ለኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

ማሎ፣ እባክሽ ማለቷ ነው። ለልመና የመጣሁት እኔ፣ አሁን እሷ እኔን ትለምነኛለች። «ደክሞኛል ነው ያለኝ» አልኳት። አላለኝም። እሷ ግን «ደክሞት ነው፣ አዎ፣ ደክሞት ነው» እያለች፣ ትንሽ ነገር እንደ ጣሉላት ሰው፣ ተመልሳ ወደ ቤቷ ሮጠች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ንጉሤ ብቻውን መጣ። የእድሩን ሰዎች ከአጥሩ ውጭ አቁሟቸዋል፣ ድንኳኑን በጋሪ ጭነው። ገብቶ እንኳ አልተቀመጠም።

«እህስ ጥሩዬ?»

«አትትከሉት ጋሼ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«እኔ እስክሞት።»

«ኧረ ልጄ! ሰው ምን ይለናል? አላለቀሰችለትም ይሉሻል እኮ።»

«ይበሉ። እኔ ስሞት ታወጡታላችሁ። ያን ጊዜ ካስማውን የሚመታው ኤፍሬም ነው።»

ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሊጠይቀኝ የፈራውን ጠየቀኝ።

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ» አልኩት፣ «አንዱ ድንኳን ለሁለታችንም ይበቃናል።»